የአላስካ ክሩዝ ሁሉ አንድ ነው? በስፋት ለተጋራ ጽሑፍ የተሰጠ ምላሽ

ስለ አላስካ የመርከብ ጉዞ የተጻፈ አንድ ጽሑፍ ሰሞኑን ብዙ ሰው እየተቀባበለው ነው። እኔም ጋ ደጋግሞ ደርሷል። አንዲት ወዳጄ ምክሩን ተቀብላ ቀብድ ልትከፍል ስትል ደወለችልኝ። ዝም ማለት እንደሌለብኝ የተሰማኝ ያን ጊዜ ነው።

ጸሐፊው በቅንነት እንደጻፉት አልጠራጠርም። ሰው ለፍቶ ያጠራቀመውን ገንዘብ በከንቱ እንዳይበትን ይፈልጋሉ። አጻጻፋቸውም ግልጽ ነው። ችግሩ ወዲህ ነው፦ ከሰጡት ምክር አብዛኛው ለካሪቢያን ይሠራል እንጂ ለአላስካ አይሠራም። ካሪቢያን የሚሄድ ሰው በዋናነት የሚገዛው መርከቡን ነው፤ መዋኛውን፣ ትዕይንቱን፣ ምግቡን። አላስካ የሚሄድ ሰው ግን የሚገዛው መንገዱን ነው። ይህን ካልለየን የቀረው ምክር ሁሉ ይዛባል።

ያሉትን ባጭሩ ላስቀምጥ። የጉዞ መስመሮቹ ሁሉ አንድ ዓይነት ናቸውና ትልቁንና አዲሱን መርከብ ምረጡ፤ ጁላይ ካልሆነ አትሂዱ፤ ዋጋ እስኪወርድ መጨረሻው ሰዓት ድረስ ጠብቁ፤ ባልኮኒ የሌለው ክፍል አትያዙ፤ በየወደቡ የሚደረገውን ሽርሽር ከመርከቡ በፍጹም አትግዙ፤ የአሜሪካ ቪዛ ካላችሁ ሌላ ወረቀት አያስፈልጋችሁም። በተጨማሪም ማስታወቂያ ላይ የሚወጣው ዋጋ የመጨረሻው ዋጋ አይደለም ብለዋል። በዚህ በመጨረሻው ሙሉ በሙሉ እስማማለሁ። የወደብ ክፍያና ግብር አለ። ለሠራተኞች በየቀኑ በሰው የሚታሰብ ቲፕ አለ። ኢንተርኔትና መጠጥ አለ። ከሁሉ የሚበልጠው ደግሞ የየወደቡ ሽርሽር ነው። ለአራት ቤተሰብ ሲሆን ከመርከቡ ቲኬት ሊበልጥ ይችላል። ወደ ሌሎቹ ልሂድ።

"መስመሮቹ ሁሉ አንድ ናቸው"

ዋናው ልዩነታችን እዚህ ላይ ስለሆነ ሰፋ አድርጌ እመልሳለሁ።

የአላስካ ጉዞ በትልቁ ሁለት ዓይነት ነው። አንደኛው ከአሜሪካዋ ሲያትል ወይም ከካናዳዋ ቫንኩቨር ተነስቶ፣ የደቡብ ምሥራቅ አላስካን ደሴቶች ጎብኝቶ፣ ወደ ተነሳበት የሚመለስ ደርሶ መልስ ነው። ሁለተኛው ከቫንኩቨር ተነስቶ፣ የአላስካን ባሕረ ሰላጤ አቋርጦ፣ ሱዋርድ ወይም ዊቲየር በተባሉት የአላስካ ወደቦች ላይ የሚያበቃ የአንድ መንገድ ጉዞ ነው። በግልባጩም አለ። ሁለቱም ብዙውን ጊዜ ሰባት ሌሊት ናቸው። የሚያሳዩት ግን አንድ አይደለም።

ለምን ከሲያትል ወደ ሱዋርድ የሚሄድ የአንድ መንገድ ትልቅ መርከብ እንደሌለ ጠይቃችሁ ታውቃላችሁ? መልሱ እ.ኤ.አ. በ1886 የወጣ የአሜሪካ ሕግ ነው። የውጭ አገር ባንዲራ የሚያውለበልብ መርከብ መንገደኛ ከአንድ የአሜሪካ ወደብ ወደ ሌላ የአሜሪካ ወደብ ማጓጓዝ አይችልም። ወደ አላስካ የሚሄዱት ትልልቅ መርከቦች ደግሞ የባሃማስ፣ የፓናማ፣ የቤርሙዳ፣ የኔዘርላንድስ ወይም የሌላ የውጭ አገር ባንዲራ የያዙ ናቸው። ስለዚህ የአንድ መንገዱ ጉዞ ከካናዳ ይነሳል። ከሲያትል የሚነሳው ደርሶ መልስም ቢሆን መንገድ ላይ አንድ የውጭ ወደብ መንካት አለበት። ለዚህ የሚመረጠው አብዛኛውን ጊዜ የካናዳዋ ቪክቶሪያ ናት።

አሁን የጉዞውን ሠንጠረዥ አውጡና ቪክቶሪያ ጋ ያለውን ሰዓት ተመልከቱ። በብዙዎቹ ላይ መርከቡ የሚደርሰው ከምሽቱ 2 ሰዓት አካባቢ ነው፤ እኩለ ሌሊት ላይ ይነሳል። ውብ ከተማ ናት። የምትታየው ግን ጨለማ ሲወርድ፣ ሱቁ ሲዘጋጋ ነው። ማስታወቂያው ላይ "አራት ወደቦች" ተብሎ ሲጻፍ አንዷ ይህቺ ናት። ሠንጠረዡን ሳያነብ በመርከቡ ፎቶ ብቻ የሚወስን ሰው ይህን የሚያውቀው ከከፈለ በኋላ ነው።

የበረዶ ግግሩ ጉዳይ ከዚህም ይብሳል። ጽሑፉ "በረዶ በረዶ ነው፤ የትኛውም መርከብ ያሳያችኋል" ይላል። አይደለም። ግሌሸር ቤይ ብሔራዊ ፓርክ በቀን የሚያስገባው ሁለት ክሩዝ መርከብ ብቻ ነው። ፈቃዱ ለተወሰኑ ኩባንያዎች የተሰጠ ሲሆን ብዙውን ድርሻ የያዙት ሆላንድ አሜሪካና ፕሪንሰስ ናቸው። ስለዚህ በአንድ ሳምንት አላስካ ከሚገቡት መርከቦች ብዙዎቹ እዚያ አይደርሱም።

የሚደርሰው መርከብ ላይ ጠዋት የፓርኩ ጠባቂዎች በትንሽ ጀልባ መጥተው ይሳፈራሉ። ቀኑን ሙሉ በድምፅ ማጉያ ያስረዳሉ። መርከቡ ማርጀሪ ከተባለው ግግር ፊት ሲደርስ ይቆማል። ከውሃው በላይ 75 ሜትር ያህል የቆመ፣ ወርዱ አንድ ኪሎ ሜትር ተኩል የሚሆን ሰማያዊ ግድግዳ ነው። መጀመሪያ ነጎድጓድ የመሰለ ድምፅ ይሰማል። ከዚያ ነው ዓይን የተቆረሰውን የሚፈልገው፤ ብዙ ጊዜ ድምፁ ሲደርስ በረዶው ውሃ ውስጥ ገብቷል። ልብ በሉ፣ እ.ኤ.አ. በ1794 የካፒቴን ጆርጅ ቫንኩቨር አሳሾች በዚያ ሲያልፉ ግሌሸር ቤይ ራሱ አልነበረም፤ በረዶ ሞልቶታል። የተፈጥሮ ተመራማሪው ጆን ሚዩር እ.ኤ.አ. በ1879 ሲደርስ በረዶው በአሥሮች የሚቆጠር ኪሎ ሜትር ሸሽቶ ነበር። ዛሬ መርከብ የሚሄድበት ውሃ የዚያ ሽሽት ውጤት ነው።

ሃባርድ የተባለው ግግር ደግሞ ሌላ ነው። ርዝመቱ 122 ኪሎ ሜትር ገደማ፣ ባሕሩን የሚነካው ፊቱ 10 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ሌሎቹ ሲያፈገፍጉ እሱ ወደፊት ይገፋል። እ.ኤ.አ. በ1986 እና በ2002 ራስል የተባለውን ፊዮርድ (በገደሎች መካከል ወደ ምድር የገባ የባሕር ሰርጥ) አፍ ዘግቶ ሐይቅ አድርጎት ነበር። በአብዛኛው የሚጎበኙት ባሕረ ሰላጤውን የሚያቋርጡት መርከቦች ናቸው። ተንሳፋፊ በረዶ ከበዛ ካፒቴኑ ሳይጠጋ ሊመለስ እንደሚችልም እወቁት። ኤንዲኮት አርም ገደል በገደል የሆነ ጠባብ ፊዮርድ ነው፤ መጨረሻው ላይ ዶውስ የሚባል ግግር አለ። እሱም ያምራል፤ ግን ከጠባብነቱ የተነሳ ትልቅ መርከብ እስከ ጫፉ የማይደርስበት ቀን አለ። ሠንጠረዡ ላይ የግግሩ ስም ሳይጠቀስ "ኢንሳይድ ፓሴጅ" ብቻ የሚል ከሆነ ደግሞ በረዶ ላያሳያችሁ ይችላል። ኢንሳይድ ፓሴጅ የመተላለፊያው ውሃ ስም እንጂ የግግር ስም አይደለም።

ባሕር የሚያቅለሸልሸው ሰው ደግሞ አንድ ነገር ይጨምር። ከቫንኩቨር የሚነሳ መርከብ ብዙውን ጊዜ በቫንኩቨር ደሴትና በዋናው ምድር መካከል ባለው የተከለለ ውሃ ይሄዳል። ከሲያትል የሚነሳው አብዛኛውን ጊዜ በደሴቱ ምዕራብ፣ በሰፊው ውቅያኖስ በኩል ነው። የባሕረ ሰላጤው መስመርም አንድ ቀን ክፍት ባሕር አለበት።

ስለ "ትልቁና አዲሱ መርከብ" ደግሞ፦ ልጆች ይዞ ለሚሄድ ቤተሰብ ጸሐፊው ልክ ናቸው። ዝናብ በሚውልበት ቀን ልጆቹ የሚውሉበት ቦታ ያስፈልጋል። ግን ከመቶ ሰው በታች የሚጭኑ ትንንሽ መርከቦች ትልቁ በማይደፍረው ሰርጥ ገብተው ካያክ፣ ማለትም በመቅዘፊያ የሚነዳ ትንሽ ጀልባ፣ ያወርዳሉ። ዋጋቸው ኪስ ይጎዳል፤ አልደብቅም። ሌላም ሰው የሚረሳው አማራጭ አለ። የአላስካ መንግሥት እ.ኤ.አ. ከ1963 ጀምሮ የሚያንቀሳቅሰው ፌሪ፣ ማለትም የሕዝብ ማመላለሻ መርከብ፣ አለ። ከዋሽንግተን ግዛቷ ቤሊንግሃም ተነስቶ በዚያው በኢንሳይድ ፓሴጅ ያልፋል። ክፍል ያልያዘ መንገደኛ ጀልባው ጣሪያ ላይ ድንኳን ተክሎ ያድራል። ቅንጦት አይፈለግበትም። ተፈጥሮ ለማየት ለሚሄድ ሰው ግን ቁም ነገር ያለው ጉዞ ነው።

የአንድ መንገዱ ጉዞ የአውሮፕላን ወጪ ይጨምራል ቢባል እቀበላለሁ። ሱዋርድ አውሮፕላን ማረፊያው ካለባት ከአንኮሬጅ ከተማ 200 ኪሎ ሜትር ያህል ይርቃል። ዊቲየር ቀረብ ይላል፤ መግቢያው ግን መኪናና ባቡር በተራ የሚያልፉበት 4 ኪሎ ሜትር ዋሻ ስለሆነ ሰዓቱን ጠብቆ መሄድ ይጠይቃል። የዴናሊን ተራራ ማየት ለሚፈልግ ሰው ግን ወጪው ትርጉም አለው፤ ሲያትል ደርሶ መልስ ዴናሊ አያደርስም።

"ከጁላይ ውጭ አትሂዱ"

ጁላይ ይሞቃል። ልጆችም ትምህርት የላቸውም። ከጁላይ እስከ ኦገስት ሳልሞኑ ወንዝ ሲወጣ ድቦች ወንዝ ዳር ይታያሉ። ይህን ሁሉ እቀበላለሁ። "ሜይና ሴፕቴምበር ገንዘብ መጣል ነው" የሚለውን ግን አልቀበልም።

ደቡብ ምሥራቅ አላስካ የዝናብ አገር ነው። የወደብ ከተማዋ ኬቺካን በዓመት 3 ሜትር ተኩል ገደማ ዝናብ ታገኛለች። ከጉዞው ወቅት ውስጥ ዝናቡ ቀለል የሚለው ደግሞ ሜይና ጁን ላይ ነው፤ ከዚያ ወደ መኸር ሲጠጋ ይጨምራል። ሜይ ላይ ተራሮቹ ገና በረዶ ለብሰዋል፤ ፏፏቴዎቹ ይወርዳሉ። ዓሣ ነባሪዎቹም ክረምታቸውን ሃዋይ አሳልፈው ተመልሰዋል። ጁን መጨረሻ ላይ በአላስካ ዋና ከተማ በጁኖ ውስጥ ቀኑ 18 ሰዓት ያህል ይረዝማል። በአንጻሩ ሜይ ላይ ከፍታ ቦታ ያለ የእግር መንገድ በበረዶ ተዘግቶ ሊሆን ይችላል።

ሴፕቴምበር ዝናባማ ነው፤ ባሕረ ሰላጤውም ይናወጣል። ይህን ለማንም አልሸፍንም። ግን ሌሊቱ ስለሚጨልም፣ ሰማዩ ከጠራ፣ ሌሊት ሰማይ ላይ በቀለም የሚወዛወዘውን የሰሜኑን ብርሃን የማየት ዕድል ያለው ያኔ ነው፤ በጁን ነጭ ሌሊት አይታሰብም። ግሌሸር ቤይ ውስጥ ጆንስ ሆፕኪንስ የተባለው ሰርጥም አለ። የባሕር አንበሳ ዘመድ የሆኑት ሲሎች የሚወልዱበት ስለሆነ ከሜይ እስከ ኦገስት መጨረሻ ለክሩዝ መርከብ ዝግ ነው። የሚከፈተው በሴፕቴምበር ነው። ጁላይ ላይ ምንም ያህል ብትከፍሉ አትገቡበትም።

የሰው ብዛትም አለ። ስካግዌይ የተባለችው የወደብ ከተማ ነዋሪዋ 1,200 ገደማ ነው፤ በጁላይ አንዳንድ ቀን ከ10 ሺህ በላይ መንገደኛ ይወርድባታል። ጁኖ እ.ኤ.አ. ከ2024 ጀምሮ በቀን ከአምስት በላይ ትልልቅ መርከብ እንዳይገባ ከኩባንያዎቹ ጋር ተስማምታለች። እ.ኤ.አ. ከ2026 ጀምሮ ደግሞ የቀኑ ጣሪያ 16 ሺህ መንገደኛ፣ ቅዳሜ 12 ሺህ እንዲሆን ተስማምታለች። ነዋሪዎቹ ይህን የጠየቁት ሰልችቷቸው ነው። እኔ በበኩሌ እረዳቸዋለሁ። ከቤታቸው በላይ ሲመላለስ የሚውል የሄሊኮፕተር ድምፅ ለእነሱ ሽርሽር አይደለም።

"እስከ መጨረሻው ጠብቁ"

ለአንድ ዓይነት ሰው ይህ ምክር ይሠራል። ሲያትል ወይም ቫንኩቨር የሚኖር፣ ወረቀቱ የተሟላ፣ ከሥራ የዕረፍት ፈቃድ በፈለገው ቀን የሚያገኝ፣ የትኛውም ክፍል የሚበቃው ሰው ቢጠብቅ ሊጠቀም ይችላል። ለሌላው ግን አደጋ አለው።

የአላስካ ወቅት ከኤፕሪል እስከ ኦክቶበር ገደማ ነው። አራት ሰው የሚያስተኙ ክፍሎች ጥቂት ናቸው፤ ቀድመው ያልቃሉ። ለአንድ ሰው የተሠሩትም እንደዚሁ። ብቻውን የሚጓዝ ሰው የሁለት ሰው ክፍል ሲይዝ የሁለተኛውንም ሰው ዋጋ ሊከፍል ይችላል። መርከቡ ቢረክስ የአውሮፕላን ቲኬቱ አብሮ አይረክስም። ከመርከቡ ያተረፋችሁት እዚያ ይበላል።

ጽሑፉ ያላነሳው ሌላ መንገድ አለ። ቀብዱ ተመላሽ በሆነ ዋጋ ቀድማችሁ ያዙ። ሙሉ ክፍያው የሚጠናቀቀው በብዙ ኩባንያዎች ከጉዞው ሦስት ወር ገደማ በፊት ነው። እስከዚያ ዋጋው ከወረደ ደውላችሁ ወይም በወኪላችሁ በኩል አዲሱን ዋጋ ጠይቁ፤ ብዙዎቹ ያስተካክላሉ ወይም ልዩነቱን መርከቡ ላይ ለምታወጡት ወጪ በሚታሰብ ሂሳብ ይሰጣሉ። ጥንቃቄ የሚያስፈልገው ገጹ ላይ መጀመሪያ የሚታየው ርካሽ ዋጋ ነው፤ ብዙ ጊዜ ቀብዱ የማይመለስ የሆነው እሱ ነው። ከታች በደቃቁ የተጻፈውን ሳታነቡ ካርድ ቁጥር አታስገቡ።

"ባልኮኒ የግድ ነው"

ግድ አይደለም። ግግሩ ፊት ሲደርስ ካፒቴኑ መርከቡን ቀስ ብሎ ያዞረዋል፤ ሁለቱም ጎን እንዲያይ። ያኔ ሰፊው እይታ ያለው ከላይኛው ክፍት ወለልና ከፊት ለፊቱ ነው። ከባልኮኒ የሚታየው አንድ ጎን ብቻ ነው፤ ዓሣ ነባሪ በሌላው ጎን ብቅ ካለ አመለጣችሁ። መቆም ለሚከብዳቸው አዛውንቶች ወይም ሕፃን ላላቸው ሰዎች ባልኮኒ ትልቅ ምቾት ነው፤ ለእነሱ ጸሐፊው ልክ ናቸው። ገንዘቡ ውስን ከሆነ ግን የኔ ምርጫ ውስጠኛ ክፍል ይዞ ልዩነቱን ለዓሣ ነባሪ ጉብኝት ማዋል ነው። ዝናብ የማያስገባ ጃኬትም ከዚያው ይገዛ፤ ጂንስ ሱሪ አንዴ ከራሰ ቀኑን ሙሉ አይደርቅም።

"ሽርሽር ከመርከቡ አትግዙ"

ከሞላ ጎደል እስማማለሁ። ጁኖ ላይ ዓሣ ነባሪ የሚያሳዩ የአካባቢው ትንንሽ ጀልባዎች ከመርከቡ ቡድን ያነሰ ሰው ይይዛሉ፤ ዋጋቸውም ብዙ ጊዜ ይሻላል። ሜንደንሆል ግግር ከከተማው መሀል 20 ኪሎ ሜትር ያህል ስለሆነ በአውቶቡስ ደርሶ መመለስ ይቻላል።

"በፍጹም" የሚለው ቃል ነው ያልተስማማኝ። መርከቡ በራሱ በኩል የተሸጠ ሽርሽር ሲዘገይ ይጠብቃል፤ ወይም መንገደኛውን በራሱ ወጪ ያደርሰዋል። በግል የሄደን ሰው አይጠብቅም። ጁኖ ደግሞ ከሌላ ከተማ ጋር የሚያገናኝ መንገድ የላትም። መርከብ ያመለጠው ሰው ያለው አማራጭ አውሮፕላን ወይም ፌሪ ነው። ስለዚህ ከወደብ ርቆ የሚሄድን ወይም መርከቡ ሊነሳ ሲል የሚያልቅን ጉብኝት ከመርከቡ መግዛት ይሻላል። ሄሊኮፕተርና ትንሽ አውሮፕላን በጭጋግ የተነሳ ደጋግሞ ይሰረዛል፤ በግል ከገዛችሁ ገንዘቡ እንዴት እንደሚመለስ ቀድማችሁ ጠይቁ። የሰዓት ነገርም አለ። አላስካ ከሲያትልና ከቫንኩቨር አንድ ሰዓት ወደ ኋላ ነው። የምትመለሱት በመርከቡ ሰዓት እንጂ በስልካችሁ ሰዓት አይደለም።

"የአሜሪካ ቪዛ ካላችሁ በቂ ነው"

ጽሑፉ ሰውን በእውነት ሊጎዳ የሚችለው እዚህ ላይ ነው። ከቫንኩቨር የሚነሳ ጉዞ ካናዳ መግባትን ይጠይቃል። ከሲያትል የሚነሳውም ከላይ ባልኩት ሕግ የተነሳ ካናዳ ይነካል። በዚያች የምሽት ቪክቶሪያ ምክንያት የካናዳ ሰነድ ጥያቄ ይመጣል ማለት ነው። ስካግዌይ ላይ ከሚሸጡት የባቡርና የአውቶቡስ ጉብኝቶች አንዳንዶቹም ድንበር ተሻግረው የካናዳ ግዛት ወደሆነችው ዩኮን ይገባሉ። ሰነዱን የሚመረምረው የመርከቡ ኩባንያ ነው፤ የሚመረምረውም በመነሻው ወደብ፣ ሻንጣችሁን ይዛችሁ ሰልፍ ላይ ስትደርሱ ነው። የጎደለበትን አያሳፍርም። በሰነድ ጉድለት ለቀረ ሰው ገንዘብ ይመለሳል ብላችሁም አታስቡ፤ የጉዞ ኢንሹራንስም በአብዛኛው ይህን አይሸፍንም።

የአሜሪካ ግሪን ካርድ ያለው ሰው የካናዳ ቪዛ አያስፈልገውም፤ ግን ካርዱን ከጸና ፓስፖርት ጋር አብሮ መያዝ አለበት። ፓስፖርቱ ጊዜው ካለፈ ካርዱ ብቻውን አያሳልፍም። ካናዳ ቪዛ ከምትጠይቃቸው አገሮች ፓስፖርት የያዘና በአሜሪካ የጎብኚ ቪዛ የሚጓዝ ሰው ደግሞ የካናዳውን ለብቻ ማመልከት አለበት፤ የአሜሪካው ቪዛም ከካናዳ ተመልሶ የሚያስገባ መሆኑን ማየት አለበት። የካናዳው ቪዛ አሻራ መስጠትን ጨምሮ ሳምንታት፣ አንዳንዴም ወራት ይወስዳል። በሌላ የጉዞ ሰነድ የሚንቀሳቀስ ሰው ቀብድ ሳይከፍል በፊት የመርከቡን ኩባንያም የካናዳን የኢሚግሬሽን መሥሪያ ቤትም በጽሑፍ ይጠይቅ።

እንግዲህ "መጨረሻው ሰዓት ድረስ ጠብቁ" የሚለውን ምክር ከዚህኛው ጋር ያጣመረ ሰው ቪዛ ለማግኘት ጊዜ አይኖረውም። ጸሐፊው ሌላውን ሁሉ እንዳለ ቢተዉት እንኳ ይህን አንቀጽ እንዲያስተካክሉ በአክብሮት እጠይቃለሁ። ጽሑፉን ለዘመድ ወዳጅ የላካችሁም ሰዎች የካናዳውን ጉዳይ ዛሬውኑ ብትነግሯቸው ጥሩ ነው፤ ከመካከላቸው ቀብድ የከፈለ ሊኖር ይችላል።